አቀበቱ ላይ የሚቆመው መኪና

ደርበውን በቅጡ የማያውቁ ሰዎች ስለ ደርበው ሲያወሩ ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ያ አረቄ ቤት በር ላይ መኪና የሚያቆመው ሹፌር» ይሉታል። ደርበው እኮ ለክርስትና ድግስ የቀረበለትን ጠላ እንኳ ፊቱን አጨማዶ፣ ባለቤቱ እንዳይቀየም ብሎ የሚጎነጭ ሰው ነበር። እኔ እንየው የምባለው፣ ዳንግላ በነበረው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ዕቃ አስረካቢ ሆኜ፣ ከእሱ ጋር በአንድ ጋቢና ስንት ዓመት አቧራ በልቻለሁ። ስለዚህ ወሬውን ለማያውቁት ትቼ እኔው ልናገር።

ደርበው የተወለደው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ፈረስ ከሚያረቡ ሰዎች ቤት ነው። አማርኛ ከመልመዱ በፊት በአገውኛ ፈረስ ማባበል ያውቅ ነበር። አባቱ በአገሩ የተመሰገነ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ልጃቸውም የእሳቸውን ኮርቻ ይወርሳል ብለው ሲጠብቁ፣ መንገድ ሠሪዎች መጥተው ከቤታቸው በታች ድንኳን ተከሉ። ደርበው ድንጋይ ሊፈልጥ ተቀጠረ። ሹፌሮቹ ምሳ ሲበሉ እየተለማመጣቸው መሪ ጨበጠ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኮርቻው አልተመለሰም። አባቱ ለብዙ ጊዜ አኩርፈውት ነበር። «ሣር የማይበላ ነገር ምን ይወደዳል?» ይሉ ነበር አሉ።

እሱ ግን መኪናውንም እንደ ፈረስ ነበር የያዘው። ጠዋት ሳይነሳ በፊት በሩን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ዳገት ሲይዝ በአገውኛ ያባብለዋል። አንድ ቀን «ደርበው፣ መኪናው እኮ የጣሊያን ሥሪት ነው፤ አገውኛ አይሰማም» ስለው፣ «እንግዲያው ጣሊያንኛውን አንተ ንገረው፤ እኔ የማውቀው ይኼን ነው» አለኝ። መኪናው ከአንድ ነጋዴ ተወርሶ ለማኅበሩ የተሰጠ አሮጌ ኤንትሬ የሚሉት የጭነት መኪና ነበር። በሩ በገመድ ይታሰራል፣ መስኮቱ አይወርድም፣ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር። ማለቴ፣ እስከ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ድረስ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከዳንግላ መጋዘን ወደ ኮሶበር ማዳበሪያ እናመላልስ ነበር። ኮሶበር ያልኩት ዛሬ ሁሉም እንጅባራ የሚለውን ከተማ ነው። ገበሬው አርሶ፣ አለስልሶ፣ ማዳበሪያውን ብቻ ይጠብቃል። እና ያ መኪና ጉድ አመጣ። ባዶውን ሲሄድ እንደ ልቡ ይጋልባል። ተጭኖ መንገዱ ላይ ያለችውን የአዲስ ቅዳምን ከተማ እስኪያልፍም ምንም አይልም። አቀበቱን ይዞ ግማሽ ሲደርስ ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ማርሽ ቢቀንሱለትም እያቃሰተ ይቆማል። ትንሽ ካረፈና ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ጥቂት ይሄዳል፤ እንደገና ይቆማል። በዚህ ዓይነት ጠዋት የወጣን ሰዎች ኮሶበር የምንገባው ገበሬው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው።

የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ነበረበት! ሁልጊዜ የሚቆመው ይታይሽ የምትባል ሴት ደጃፍ ላይ ነው። ይታይሽ አረቄ ትሸጣለች። እንግዲህ መንገደኛው ያየውን ያወራል፤ ያላየውንም ይጨምርበታል።

የዳንግላው መካኒክ ሀብቱ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። የናፍጣውን ፊልትሮ ለወጠ፣ ፖምፓውን ፈቶ አጠበ፣ ቱቦዎቹን ነፋ። ሀብቱ ጥሩ መካኒክ ነው፤ ጥፋት የለበትም። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ከተማውን በሙሉ በጩኸት ያናውጠዋል፤ የጭሱም መልክ ንጹሕ ነው። «ምንም የለበትም» አለ ሀብቱ እጁን እየጠረገ። ደርበው ያን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። መኪናው ምንም ከሌለበት ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?

ያንን ጥያቄ ጓድ ምህረቴም ጠየቀ። ጓድ ምህረቴ የአውራጃው ካድሬ ነበር፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጣቱን የሚያወዛውዝ። ማኅበሩ ድረስ መጥቶ ሰበሰበንና «ቆሞ እንደ አንበሳ የሚያገሳ መኪና፣ የገበሬውን ማዳበሪያ ሲጭን ብቻ፣ ያውም ቦታ መርጦ የሚቆመው ለምንድን ነው?» አለ። «ይህ አሻጥር ነው» ሲል ራሱ መለሰው። በዚያን ጊዜ አሻጥር ማለት ቀልድ አይደለም። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ቤቱ አያድርም ነበር፤ መቼ እንደሚመለስም የሚነግርህ የለም።

እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ተነሥቼ «ጓድ፣ ደርበው አረቄ አይቀምስም፤ አብሬው ነው የምጓዘው» አልኩ።

«አንተ ማን ነህ?» አለ።

ከኋላ አንዱ «ጴንጤው ነው» አለ። ያን ጊዜ የጸሎት ቤታችን ተዘግቶ፣ እኛ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንዘምርበት ዘመን ነው። ጓድ ምህረቴ ፈገግ ብሎ «እሺ፣ ጴንጤ ለሹፌር መሰከረ፤ ይመዝገብልን» ሲል ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ያን ሳቅ ይቅር ያልኩ ይመስለኛል፤ ግን ይኸው፣ ሳወራው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

«ነገ እኔው ራሴ አብሬ እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «መኪናው ኮሶበር ከገባ መልካም። ከቆመ ግን ደርበው ከዚያው ወደ እስር ቤት ነው።»

በማግስቱ ስንነሳ ደርበው በሩን መታ መታ ማድረጉን እንኳ ረሳው። ጓድ ምህረቴ መጣና የእኔን ወንበር ያዘው። እንግዲህ የኤንትሬ ሞተር ያለው ጋቢናው ውስጥ፣ በሹፌሩና በተሳፋሪው መካከል፣ በክዳን ተሸፍኖ ነው። ሌላ ቦታ ስለሌለ እኔ ጋቢዬን አጥፌ እዚያ ክዳን ላይ ወጣሁ። ከታች እሳት ነው፤ እንደ ዶሮ እንቁላል ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። በልቤም «ጴንጤውን ከወንበሩ አስነሥቶ ምጣድ ላይ አስቀመጠው» እያልኩ እቃጠላለሁ።

አዲስ ቅዳምን አለፍን። ደርበው መሪውን እንደዚያ አጥብቆ ሲይዝ አይቼው አላውቅም፤ በአገውኛም አላባበለውም። ካድሬው ባለበት አፈረ መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ ተስፋ ቆርጧል። እኔ በውስጤ እጸልያለሁ። አቀበቱ መጣ። መጀመሪያ ላይ ደህና ወጣ። ሞተሩ እየጋለ ሲሄድ ግን ከበታቼ አንድ ነገር ይመታኝ ጀመር። ጥፍ ጥፍ ይላል፤ ዝም ይልና እንደገና ጥፍ ጥፍ።

«ደርበው፣ የሚመታ ነገር አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«የት?»

«ከእኔ በታች!»

ጓድ ምህረቴ ገላመጠኝ። ጥፍጥፍታው እየፈጠነ ሄደ፣ ጥቁሩ ጭስ በኋላችን ተነሣ፣ መኪናው አቃሰተ፣ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ይታይሽ ደጃፍ ላይ ነን።

ይታይሽ እንደ ልማዷ ውሃ በእንስራ ይዛ ወጣች። «ደግሞ ቆመ? ምነው ይኼ መኪና የእኔን ደጅ ወደደው?» አለች። ካድሬውን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አረቄውስ የታለ?» አላት ጓድ ምህረቴ።

«ለማን? ለእሱ?» አለችና ደርበውን በአገጯ አመለከተች። «እሱማ ቢጠጣልኝ ደህና ደንበኛ ባገኘሁ ነበር! ውሃዬን ነው የሚጨርሰው፤ ያውም ለመኪናው።»

ጓድ ምህረቴ አልሳቀም። «በቃ፣ አይተናል። ውረድ» አለው ደርበውን።

ደርበው ግን አልወረደም። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። «እንየው፣ ድምፁ ምን ዓይነት ነው? ብረት ከብረት ነው?»

«አይደለም። እርጥብ ቆዳ ግድግዳ ሲመታ እንደሚሰማው ነው።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «ትንፋሹ ነው» አለ። «እኛ እግሩን ስንመረምር የታመመው ጉሮሮው ነው። አባቴ ፈረስ አቀበት ላይ ሲያለከልክበት በረት አስገብቶ አያየውም ነበር፤ እዚያው ላቡ ሳይደርቅ ጉሮሮውን ነው የሚዳብሰው። እኛ ግን ሁልጊዜ ቀዝቅዞ፣ ቆሞ ነው የምናየው።» ይህን እያለ እኔን ገፍትሮ ክዳኑን ከፈተ።

የአየር ማጣሪያውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ እንደ ክንድ የወፈረ የጎማ ቱቦ አለ፤ መካኒኮች ማኒኮቶ ይሉታል። ሞተሩ አየር የሚስበው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ደርበው እጁ እየተቃጠለ ሁለቱን ማሰሪያዎች ፈታና መዞ አወጣው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ወደ ውስጥ ስናይ ግን የውስጠኛው ገበር ተልጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ሲቀዘቅዝ ጠንክሮ ከግድግዳው ይለጠፋል፤ ሲግል ይለሰልሳል፣ ሞተሩ አየር ሲስብ አብሮ ይሳብና መንገዱን ይዘጋዋል። ባዶ መኪና በትንሽ አየርም ይሄዳል፤ የተጫነው ግን ታፍኖ ይቆማል። ለካ ስንት ጊዜ ሙሉ ናፍጣውን ስናጥብ የጎደለው ነፋስ ነው!

ደስ ብሎኝ ልጮህ ስል ደርበው ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አሸተተና ደርቆ ቀረ። እኔም ሸተተኝ። የከረመ ቅቤ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። እግሩን ረገጥኩት፤ አልሰማኝም። «እኔ ነኝ የቀባሁት። በጋ ላይ ጎማው ሲደርቅ አየሁና እንዳይሰነጠቅ ብዬ ውስጡንም ውጭውንም በቅቤ አሸሁት። አንዴም አይደለም።»

የሰው ልጅ በገዛ አፉ ራሱን ሲያስር ያየሁት ያን ቀን ነው። የዘንገና ሰው የፈረሱን ልጓምና ጠፍር በቅቤ ያሻል፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ደርበው ያንኑ ለመኪናው አደረገለት። ሀብቱ በኋላ እንደነገረን ግን ጎማ ቅቤ አይወድም፤ ያብጣል፣ ይልማል፣ ገበሩም ይላላጣል። ደርበው ለሚስቱ ፀጉር እንኳ ያልተረፈ ለጋ ቅቤ ነበር ለዚያ ቱቦ ያበላው። ወዶት ነው የገደለው። ግን ይህን ለካድሬ እንዴት ታስረዳዋለህ? «በመንግሥት ንብረት ላይ ቅቤ ቀብቶ አበላሸ» ብሎ ቢከስሰው ቃል በቃል እውነት ነው!

ጓድ ምህረቴ ቱቦውን ተቀበለ። አገላበጠው፣ አሸተተው፣ እንደገና አሸተተው። ያ ጣቱን የሚያወዛውዝ ሰው ጣቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ቁጣ ነው እንዳልል ቁጣ አልመሰለኝም፤ ምሕረት ነው እንዳልል ደግሞ ከእሱ አልጠበቅኩም። «ጠግነው» አለ ብቻ። እኔ የገባኝ፣ ማዳበሪያው ይድረስ፣ እስሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚል ነበር።

በምን እንጠግነው? ቱቦው በሙሉ እንደ ሊጥ ለስልሷል፤ ገበሩን ቆርጠን ብንጥለው እንኳ ራሱ ግድግዳው መታጠፉ አይቀርም። ደርበው ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ ይታይሽ ጓሮ ላይ ዐረፈ። በዚያ አገር ቀርከሃ የሌለው ጓሮ የለም። ሄዶ በመዳፉ እየለካ፣ ቆርጣ ካደረቀችው ውስጥ ከሁሉ ወፍራሙን መረጠ።

«ኧረ እሱ ለጎተራዬ መደገፊያ ነው!» አለች ይታይሽ።

«ቅዳሜ ሁለት አመጣልሻለሁ» አላት። «አሁን ብረትሽን እሳት ውስጥ ክተችልኝ።»

በጋለ ብረት የአንጓዎቹን ውስጥ በሳው፣ በቢላ ፋቀው፣ ስንጣሪ እንዳይቀር በጨርቅ ደጋግሞ ወለወለው። እኔ ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ሰፋፊ ቅዳጆች ቆረጥኩ። በሁለቱም ጫፍ ላስቲኩን ጠቀለልንበትና በማሰሪያዎቹ አጠበቅነው። ጓድ ምህረቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። አንድ ጊዜ ላስቲኩ ሲያመልጠኝ ተነሥቶ ያዘልኝና ምንም ሳይናገር ተመልሶ ተቀመጠ።

ሞተሩ ተነሣ። ይታይሽ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። እኔ ተመልሼ ክዳኑ ላይ ወጣሁ፤ አሁንስ ወንበር ቢሰጠኝም አልፈልግም። ሙቀቱ ሲመጣ ጆሮዬን አቀናሁ። ጥፍ የሚል ነገር የለም። አንድ መታጠፊያ አለፍን። ሌላም። ጭሱን ለማየት አንገቴን አስግጌ የጎኑን መስተዋት አየሁ፤ መንገዱ ከኋላችን ጥርት ብሎ ይታያል። ያኔ ደርበው፣ ካድሬ መኖሩንም ረስቶ፣ በአገውኛ መኪናውን ማባበል ጀመረ። ጫፍ ላይ ስንወጣና የኮሶበር ጣሪያዎች ሲታዩን «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ትዝ ያለኝ ከጮህኩ በኋላ ነው። ጓድ ምህረቴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ገበሬዎቹ ሲያዩን ፈረሳቸውን እየጎተቱ መጡ። ማዳበሪያው ተራገፈ። የመጨረሻው ጆንያ ሲወርድ ጓድ ምህረቴ «ደርበው፣ ተከተለኝ» አለ። ደርበው ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝና ጭብጤን ጨበጠው። «በለጡን አደራ» አለኝ፤ በለጡ ሚስቱ ናት። ብቻውን እንዲሄድ አንጀቴ አልቻለም፤ የመጣው ይምጣ ብዬ ተከተልኳቸው።

ካድሬው ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰደን። እዚያ በሸራ የተሸፈነ ነገር ነበር። ሸራውን ገለጠው፤ የመንግሥት ሞተር ብስክሌት ነው። ባለፈው ጊዜ ለሥራ መጥቶበት መሄድ ስላቃተው እዚያው ጥሎት እንደሄደ ኋላ ሰማን። ጎማዎቹ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀው፣ ጎናቸው አብጦ፣ በወዝ ያብረቀርቃሉ። ማሽተት አላስፈለገንም።

ጓድ ምህረቴ ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአፉ ሰምተነው በማናውቀው አገውኛ፣ ያውም እዚያው አቅራቢያ ግምጃ ቤት በሚባለው አገር በሚነገረው ጥሩ አገውኛ፣ «አባቴ ጠፍሩን ሲያሽ እያየሁ ነው ያደግሁት» አለው። «እኔም ቀባሁት። ወንድሜ፣ ምን ይሻለዋል?»

ደርበው ቁጢጥ ብሎ ጎማውን ዳበሰ። «እነዚህስ አልቀዋል። ሌሎቹን የጎማ ዕቃዎች በሳሙና አጥበው ያድርቋቸው። ሁለተኛ ቅቤ አያስጠጉባቸው» አለው።

«የመኪናው ጉዳይ...» አለ ጓድ ምህረቴ በአማርኛ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «...እርጅና ነው። ቱቦው አርጅቶ ነበር። አይደለም እንዴ?» እኔን ነው የሚያየው።

«ጴንጤ ሲመሰክር ይቆጠራል?» አልኩት። እግዜር ይይልኝ፣ ማለፍ አልቻልኩም። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ገና ልጅ እግር እንደሆነ ታየኝ። በዚያ ሰው ላይ የያዝኩት ቂም ግማሹ እዚያ ቀረ፤ ሙሉውን አልልም።

ጓድ ምህረቴ ኮሶበር ቀረ፣ እኛ ባዶውን መኪና ይዘን ተመለስን። የቀርከሃዋ ቱቦ ሀብቱ ከባሕር ዳር አዲስ ማኒኮቶ እስኪያመጣ ድረስ ያለ አንዳች ችግር ሠርታለች። ቁልቁለቱን ስንወርድ ደርበው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደግሞ መኪናውን ዳር አስይዞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ጀርባውን እያሸሁ እኔም አለቀስኩ።

ዳንግላ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማለች። ስንቀርብ በለጡ ናት፤ በጋቢ የተቋጠረ ትልቅ ጥቅል ታቅፋለች። መኪናው ሲመጣ ዓይኗ ወደ ሹፌሩ ወንበር ሄደ። ደርበው መሆኑን ስታይ ጥቅሉን ለቀቀችና ላዩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ደርበው ዘሎ ወረደ። «ምንድን ነው ይኼ?»

«ስንቅህ ነዋ» አለች እያለቀሰች። «በሶ ነው፣ ዳቦ ቆሎ ነው፣ ብርድ ልብሱም አለ። የት እንዳሰሩህ የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ መኪናውን ልጠይቅ ብዬ ነው የቆምኩት።»

ደርበው አቅፎ አነሣት። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታውና መኪናው ጥላ ሥር ዘረጋው። ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመስንም ነበር። በሶውን በውሃ በጥብጠን፣ ዳቦ ቆሎውን እየዘገንን፣ እንደ ሠርገኛ በላን። በለጡ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ስታየን ቆየችና ተቆጣች።

«ቀስ በሉ እንጂ! ለወር ብዬ እኮ ነው ያዘጋጀሁት።»